ለሐይቅ ውሃ የሸራ ጀልባ ስታሠሩ፦ ጥልቅ ኪል ወይስ አጭር?

ወሎ ውስጥ ያለው፣ ስሙም ሐይቅ የሚባለው ውሃ ጥልቁ ቦታ ላይ 88 ሜትር ይወርዳል። ይህን ቁጥር የሰማ ሁሉ ጀልባ ሊያሠራ ሲመጣ «ጋሼ፣ ውሃው ጥልቅ ነውና ኪሉንም ጥልቅ ያድርጉልኝ» ይለኛል። ኪል ማለት ከጀልባዋ ሆድ በታች ወደ ውሃ የሚወርደው ክንፍ ነው። ነገሩ ልክ ይመስላል። ግን የመሃሉ ጥልቀት ለኪል ምርጫ ምንም አይፈይድም። የትንሽ ጀልባ ኪል ሁለት ሜትር ወረደ ከተባለ በዛ። ከዚያ በታች ሦስት ሜትር ውሃ ይኑር ሰማንያ፣ ለጀልባዋ ያው ነው። ኪልን የሚመርጠው መሃሉ ሳይሆን ዳሩ ነው፤ ጀልባዋን የምታስገቡበትና የምታወጡበት ሃያ ሠላሳ እርምጃ።

ስለ ራሴ ባጭሩ። ሐይቅ ተወልጄ አደግሁ። በወጣትነቴ ምጽዋ ባሕር ኃይል ነበርኩ፤ ሸራ መሳብና መልቀቅ የተማርኩትም እዚያ ነው። አሁን እዚሁ ሐይቅ ከተማ የእንጨትና የብየዳ ቤት አለኝ። በር፣ መስኮት፣ አልጋ እሠራለሁ፤ አልፎ አልፎም ጀልባ። ገንዘቡ ያለው በሩ ላይ ነው። ደስታው ግን ጀልባው ላይ ነው።

ኪል የሚሠራው ሁለት ሥራ

ኪል ሁለት ሥራ አለው። ሰው ሁለቱን ስለሚያቀላቅል ነው ምርጫው የሚምታታበት።

አንደኛው ሥራ ጀልባዋ ወደ ጎን እንዳትንሸራተት መያዝ ነው። ነፋስ ሸራውን ሲመታው ወደ ፊት ብቻ አይገፋም፤ ወደ ጎንም ይገፋል። ነፋሱ ወደሚመጣበት አቅጣጫ ለመውጣት ስትሞክሩ እንዲያውም የጎኑ ግፊት ከፊተኛው ይበልጣል። ከታች የሚይዛት ነገር ከሌለ አፍንጫዋ ወደ እስጢፋኖስ ገዳም ያያል፣ እሷ ግን በጎኗ ወደ ቄጠማው ትሄዳለች።

ሁለተኛው ሥራ ክብደት ነው። እርሳስ ወይም ብረት ያለበት ኪል ጀልባዋ ስታጋድል መልሶ ያቆማታል።

ትንሽ ጀልባ ላይ ይህን ሁለተኛውን ሥራ የሚሠራው ሰው ነው። ሌዘር የምትባለዋን ጀልባ ውሰዱ። ርዝመቷ 4.23 ሜትር፣ አካሏ 59 ኪሎ፣ ሸራዋ ደግሞ 7 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። አንዲት ኪሎ ማመዛዘኛ ብረት የላትም። ነፋስ ሲበረታ ነጂው ጠርዝ ላይ ወጥቶ በገዛ ክብደቱ ያቆማታል። ልጆች የሚማሩባት ኦፕቲሚስትም እንደዚያው ናት፤ 2.30 ሜትር፣ 35 ኪሎ። ጄ 24 ላይ ስትደርሱ ግን ነገሩ ይለወጣል። 7.3 ሜትር ርዝመት፣ 1.4 ቶን ክብደት፣ ውሃ ውስጥ 1.22 ሜትር የሚወርድ ቋሚ ኪል። እሷን ሰው በመቀመጫው ሊያቆማት አይችልም።

ስለዚህ መጀመሪያ የጀልባዋን ርዝመት ወስኑ። ከ5 ሜትር በታች ከሆነች ክብደት ያለው ኪል አታስቡ። ቀጭን ሰሌዳ ይበቃታል፤ ሥራው መንሸራተትን መከልከል ብቻ ነው። ከ6 ሜትር በላይ ከሄዳችሁ፣ በተለይ መኝታ ያላት ጀልባ ከፈለጋችሁ፣ የክብደቱ ጥያቄ ይመጣል። በ5 እና በ6 መካከል ያለው አከራካሪ ነው። እኔ እዚያ መሃል ላይ ጀልባ አልሠራም፤ የሁለቱንም ጣጣ ይዛ ትመጣለች።

ጥልቁ ለምን ይሻላል?

ይሻላል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ጥልቅና ጠባብ ኪል ከአጭርና ሰፊ ኪል የበለጠ ይይዛል፣ የሁለቱ ስፋት እኩል ቢሆንም እንኳ። ለምን እንደሆነ በእጃችሁ ልትሞክሩት ትችላላችሁ። አንድ ሜትር ርዝመት፣ ሩብ ሜትር ወርድ ያለው ሳንቃ ያዙና አንድ ሰው በሚቀዝፋት ጀልባ ላይ ተቀመጡ። ሳንቃውን ቀጥ አድርጋችሁ ሰማንያ ሳንቲ ያህል ወደ ውሃ አውርዱት። ስለቱን ወደ ፊት አድርጉና ትንሽ ብቻ ጠምዘዝ አድርጉት። እጃችሁን ወደ ጎን አጥብቆ ይስበዋል። አሁን ሳንቃውን አጋድሙት፤ ረጅሙ ጎኑ ከጀልባዋ ጋር ይተካከል፣ ሃያ ሳንቲ ብቻ ውሃ ውስጥ ይግባ። እንደገና ጠምዘዝ አድርጉት። ውሃው ከስሩ ይሾልካል፣ ከኋላው ይሽከረከራል። ጀልባዋን ይጎትታታል እንጂ እጃችሁን ያን ያህል አይስብም።

ምክንያቱ ይሄ ነው። ኪል በአንድ ጎኑ ውሃ ይጫነዋል፣ በሌላው ጎኑ ግፊቱ ይሳሳል። የተጫነው ውሃ ወደ ሳሳው ጎን መሄጃ ይፈልጋል። መንገዱን የሚያገኘው በኪሉ ጫፍ ስር ነው። ጫፉ ጠባብ ከሆነ መሹለኪያው ጠባብ ነው። ጫፉ አንድ ሜትር ከሆነ መሹለኪያውም አንድ ሜትር ነው። የሾለከው ውሃ ደግሞ እየተሽከረከረ ከኋላ ይቀራል፤ ያ ሽክርክሪት ከእናንተ ፍጥነት የተቆረጠ ነው።

በተግባር ስንት ነው ልዩነቱ? ጥሩ ጥልቅ ኪል ያላት ጀልባ ወደ ነፋሱ ስትወጣ በ4 ዲግሪ ገደማ ወደ ጎን ትንሸራተታለች እንበል። አጭር ኪል ያላት 10 ዲግሪ ብትንሸራተት አይገርምም። አንድ ኪሎ ሜትር ስትሄዱ የመጀመሪያዋ 70 ሜትር፣ ሁለተኛዋ 176 ሜትር ወደ ጎን ትወሰዳለች። ሐይቅ ከዳር እስከ ዳር 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ነፋስን እየሰበራችሁ የምትሻገሩ ከሆነ አስሉት። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ጠዋት የወጣችሁበት ቦታ መመለስና ሌላ ሰው ማሳ ስር ወርዶ ጀልባ መጎተት የሚለዩት እዚህ ላይ ነው።

የክብደቱም ጉዳይ ጥልቁን ይደግፋል። አንድ ሜትር ወደ ታች የተንጠለጠለ 100 ኪሎ እርሳስ የሚሰጠውን ኃይል ግማሽ ሜትር ላይ ለማግኘት ከሞላ ጎደል 200 ኪሎ ያስፈልጋል። ተጨማሪው መቶ ኪሎ ጀልባዋን ወደ ውሃው ያሰምጣታል፣ ያዘገያታል፣ ዋጋውንም ያንረዋል።

አጭሩን ኪል ለማሻሻል ሰው ያልሞከረው የለም። ከታቹ ጫፍ ግራና ቀኝ ክንፍ ማድረግ አንዱ ዘዴ ነው። አውስትራሊያ 2 የምትባለው ጀልባ በ1983 እንዲህ ያለ ባለክንፍ ኪል ይዛ ቀርባ፣ አሜሪካኖች ለ132 ዓመት ሳያስነኩ የያዙትን «አሜሪካስ ካፕ» የተባለ የሸራ ጀልባ ውድድር ዋንጫ ወሰደችባቸው። ክንፎቹ ውሃው ከስር እንዳይሾልክ ይከለክላሉ፤ ክብደቱንም ወደ ታች ያወርዱታል። ለውድድር ሸጋ ነገር ነው። እዚህ ዳር ላይ ግን ክንፎቹ ጭቃ ውስጥ ከተቀበሩ እንደ መልህቅ ይይዛሉ። ተራ ኪል ጭቃ ሲነካ ሁላችሁም አንድ ጎን ላይ ትቀመጡና ጀልባዋን አጋድላችሁ ታላቅቁታላችሁ። ባለክንፉን ስታጋድሉት አንደኛው ክንፍ ይባስ ይወርዳል።

ዳሩን ለኩ

እንግዲህ ጥልቁ ይህን ያህል ከተሻለ ለምን ዝም ብለን አንሠራውም? ወደ ዳሩ ኑ።

አንድ ዘንግ ውሰዱ። በየሃያ ሳንቲው በቀለም ምልክት አድርጉበት። ጀልባዋን ወደምታወጡበት ቦታ ሄዳችሁ ወደ ውሃው ግቡ፣ በየአምስት እርምጃው ለኩ። ይህን የምታደርጉት ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ነው፤ ግንቦት መጨረሻ ወይም ሰኔ መጀመሪያ፣ ውሃው ሲያንስ። መስከረም ላይ የለካ ሰው ራሱን ያታልላል። የሐይቁ ዳር አንድ ቦታ ረግቶ የሚቀመጥ አይደለም። የእስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ቦታ ድሮ ደሴት ነበር፤ ዛሬ በእግር ይገባል። ይሄን እያየ ያደገ ሰው የአምናውን ውሃ አያምንም።

ካገኛችሁት ቁጥር ላይ 30 ሳንቲ ቀንሱ። ማዕበል ጀልባዋን ከፍ ዝቅ ያደርጋታል፤ ሰው ሲሞላባትም ወደ ታች ትወርዳለች። የተረፈው ነው የእናንተ ኪል። ብዙ ቦታ ላይ ከዳሩ በአሥር እርምጃ ርቀት ወገባችሁ አይደርስም። እዚያ ላይ 1.20 ሜትር ቋሚ ኪል ያላት ጀልባ ከዳር ርቃ ታስራ ማደር አለባት፣ እናንተም በሌላ ትንሽ ጀልባ ወደ እሷ መመላለስ አለባችሁ። ረጅም የእንጨት መውረጃ ድልድይ ካላችሁ ሌላ ነገር ነው።

ከስር ያለውንም በእግራችሁ ዳስሱ። ጭቃ ነው? ጠጠር? ሣር? ሣር የበዛበት ቦታ ላይ ፊቱ ቀጥ ብሎ የወረደ ኪል ሣሩን ሰብስቦ ይዞ ይዞራል። ፊቱ ወደ ኋላ የተጋደመ ከሆነ ግን ሣሩ ተንሸራቶ ይወርዳል።

መረብን አትርሱ። ይህን ሰው አይነግራችሁም፤ የሚነግራችሁ መረቡ የተቀደደበት አስጋሪ ነው። ለቆሮሶ የሚጣል መረብ ብዙ ጊዜ ከዳር ሳይርቅ ነው የሚዘረጋው፤ ማታ ተጥሎ ጠዋት ይነሳል። አጭር ኪል ላዩን ሊያልፍ ይችላል። ጥልቅ ቋሚ ኪል ያጠምደዋል፤ መሪውም ያግዘዋል። ከዚያ አስጋሪው ሲመጣ «አላየሁም» ማለት አያዋጣም። በማለዳ የምትወጡ ከሆነ ዋዜማውን አስጋሪዎቹን የት እንደጣሉ ጠይቁ። ደግሞ ኪላችሁ ወደ ላይ የሚነሳ ይሁን።

መጓጓዣው ቀጣዩ ነው። ጀልባዋን አንዳንዴ ወደ አርዲቦ መውሰድ የሚፈልግ ሰው አለ። አርዲቦ ከሐይቅ ከፍ ብሎ ያለ ውሃ ነው። ሆዷ ለጥ ያለ ጀልባ ከስሯ አሮጌ ጎማ ተደርጎላት አይሱዙ ላይ ትጫናለች፤ ጎረምሶች ተሸክመው ያወርዷታል። ቋሚ ኪል ያላትን ግን ለብቻዋ የተበየደ ማስቀመጫ ካልሠራችሁላት አትቆምም፤ ውሃ ውስጥ ለማስገባትም ክሬን ያስፈልጋል። የክሬን ኪራይ ጠይቃችሁ ከመጣችሁ በኋላ እናወራለን።

እንግዲያው የቱን?

ለእኛ ዳር መልሱ የሚነሳ ሰሌዳ ነው። ስትወጡና ስትገቡ አጭር ይሆናል፣ መሃል ላይ ጥልቅ ይሆናል። ሁለት ዓይነት አለው።

አንደኛው እንደ ሰይፍ ከሰገባው ወደ ላይ የሚመዘዝ ነው። ለመሥራት ቀላል ነው፣ የሚያስገባው ውሃም ትንሽ ነው፣ ጀልባ ውስጥም ብዙ ቦታ አይዝም። ሌዘርና ኦፕቲሚስት ይህንኑ ነው የሚጠቀሙት። ችግሩ ከስር ድንጋይ ሲመታ ነው። ወደ ኋላ መታጠፍ አይችልም። ወይ ሰሌዳው ይሰበራል፣ ወይ የሚገባበት ሳጥን ይሰነጠቃል። ሳጥኑ ከተሰነጠቀ ደግሞ ጀልባዋ መሃል ሆዷ ላይ ቀዳዳ አላት ማለት ነው።

ሁለተኛው በአንድ ቡሎን ላይ ተንጠልጥሎ ወደ ኋላ የሚታጠፍ ነው። ሲመታ ራሱ ይታጠፋል። ሣር ሲይዝ ትንሽ ከፍ ታደርጉታላችሁ፣ ይለቃል። ሳጥኑ ረጅም ስለሆነ መቀመጫውን ለሁለት ይከፍላል፤ ውሃም የሚገባው በቡሎኑ በኩል ነው። እኔ ለሐይቅ ይህንን እመርጣለሁ፤ ለልጆች መማሪያ የምትሆን ትንሽ ጀልባ ካልሆነች በስተቀር።

የቋሚ አጭር ኪል ተከራካሪዎች አሉ። ከስሯ ጥቂት ሳንቲ ብቻ የሚወርድ፣ ከአፍንጫ እስከ ኋላ የሚሄድ ረጅም እንጨት። የሚንቀሳቀስ ነገር የለውም፣ አይሰበርም፣ ቀዳዳ አያስፈልገውም። በመቅዘፊያ ለምትሄድ፣ ሸራውን ነፋስ ከኋላ ሲመጣ ብቻ ለምትዘረጋ ጀልባ ይበቃል። ወደ ነፋሱ እንድትወጣ ከፈለጋችሁ ግን አትድከሙ።

ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ ያገለገለ ጀልባ ልትገዙ ትችላላችሁ። ካታሊና 22 ጥሩ ማነጻጸሪያ ናት፤ ያው አካል በሦስት ኪል ተሸጧል። ቋሚው 1.07 ሜትር፣ ባለክንፉ 0.76 ሜትር ይወርዳል። የሚታጠፈው ሲነሳ 0.61፣ ሲወርድ 1.52 ሜትር ነው። የሚታጠፈውን ከገዛችሁ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የሚያነሳውን ገመድና የሚንጠለጠልበትን ብረት እዩ። ያ ኪል ከባድ ብረት ነው፤ ገመዱ ሲበጠስ የሚወድቀው ውሃ ላይ አይደለም፣ ጀልባዋ ሆድ ላይ ነው።

የእህቴ ልጅ ብሪስቶል ይኖራል። እዚያ ባሕሩ ሲሞላና ሲሸሽ ልዩነቱ ከ12 ሜትር በላይ የሚደርስበት ጊዜ አለ። ጠዋት የተንሳፈፈች ጀልባ ቀትር ላይ ጭቃ ላይ ትቀመጣለች። እዚያ ሰዉ ሁለት አጫጭር ኪል ጎን ለጎን ያላትን ጀልባ ይወዳል፤ ውሃው ሲሸሽ በሁለቱ ላይ ቀጥ ብላ ትቆማለች። እኛ ዘንድ ውሃው በቀን ሁለቴ ስለማይሸሽ ያ ለእኛ ትርፍ ወጪ ነው። ምጽዋ ላይ ወይም ሌላ ባሕር ላይ፣ ዘወትር ውሃ ባለበት ወደብ ታስሮ የሚያድር፣ ረጅም መንገድ የሚሄድ ጀልባ ካላችሁ ግን ጥልቁን ቋሚ ኪል ያለ ሐሳብ ግዙ።

ሰሌዳውን ስታሠሩ

መጠኑ ከሸራው ይነሳል። ለትንሽ ጀልባ ውሃ ውስጥ የሚወርደው የሰሌዳ ስፋት ከሸራው ስፋት ከ4 እስከ 5 በመቶ ይሆናል። ሸራው 7 ካሬ ሜትር ከሆነ ሰሌዳው ከ0.28 እስከ 0.35 ካሬ ሜትር ነው። አንድ ሜትር ወደ ታች፣ 30 ሳንቲ ወርድ ቢሆን ልክ ነው። ዳራችሁ አስገድዷችሁ 40 ሳንቲ ብቻ የሚወርድ ከሠራችሁ ግን ስፋቱን በግማሽ ጨምሩ፤ ወርዱ ወደ 1.10 ሜትር ይሄዳል። ያም ሆኖ የጥልቁን ያህል አይዝም።

እዚህ ላይ አንድ የሐይቅ ነገር አለ። እኛ ያለነው ከባሕር ወለል ወደ 2000 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። አየሩ ስስ ነው። በዚያው ፍጥነት የሚነፍስ ነፋስ ምጽዋ ላይ ከሚገፋው አንድ አምስተኛ ያህል ያነሰ ነው የሚገፋው። ስለዚህ ሸራውን ትንሽ ማሳደግ ያዋጣል። ሰሌዳውን ግን አብራችሁ አታሳድጉ። ውሃው አልሳሳም፤ በስስ አየር ትልቁ ሸራ የሚሰጠው የጎን ግፊት እዚያ ታች ትንሹ ሸራ ከሚሰጠው ጋር ተቀራራቢ ነው። ከ4 በመቶው ጀምሩ።

እንጨቱን አንድ ወጥ ሳንቃ አታድርጉት፤ ይጠማዘዛል። ከአራት እስከ አምስት ሳንቲ ወርድ ያላቸው ቁራጮች ቆርጣችሁ የእንጨቱን መስመር አንዱን ወደዚህ፣ አንዱን ወደዚያ እያገላበጣችሁ አጣብቁ። ዋንዛ ለሥራ ይመቻል። ኮምፖርሳቶ ደራርቦ ማጣበቅም ይቻላል፤ ግን ጠርዙ ውሃ እንዳይጠጣ በደንብ ይዘጋ። ውፍረቱ ከ25 እስከ 30 ሚሊ ይሁን።

ቅርጹ ላይ አትስነፉ። ፊቱ ክብ ይሁን፣ ስለት አይሁን። አብዛኛው ሰው ፊቱን ካሾለው ውሃውን የሚቆርጥ ይመስለዋል። የሾለ ፊት ትንሽ ሲጠመዘዝ ውሃው ከጎኑ ይላቀቃል፣ መያዙም ይጠፋል። በጣም ወፍራሙ ቦታ ከፊቱ ሲሶው ላይ ይሁን፤ ከዚያ ወደ ኋላ ቀስ እያለ ይሳሳ። የኋላ ጠርዙ ሁለት ሦስት ሚሊ ሲቀር አቁሙትና ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡት። ከዚህ ካሳሳችሁት በሳምንቱ ይሸራረፋል።

ላሜራ ይሁንልኝ የሚል አለ። 6 ሚሊ ብረት በካሬ ሜትር 47 ኪሎ ነው፤ ሳጥን ውስጥ የሚቀረውን ጨምሮ የአንድ ሰሌዳ ክብደት 18 ኪሎ ገደማ ይመጣል። ራሱ ይወርዳል፣ ማንሻው ግን ካሩኮላ ይፈልጋል። ለጥ ያለ ስለሆነ እንደተቀረጸ እንጨት አይዝም። አንቲሩጂኒ ቀብታችሁትም ሳጥኑ ውስጥ እየተፋቀ ይዝጋል። እኔ እንጨቱ ይሻለኛል።

እንጨት ግን ይንሳፈፋል። ወደ ታች ስትገፉት ተመልሶ ይመጣል። ከታቹ ጫፍ አጠገብ ቀዳዳ አውጥታችሁ ሦስት ኪሎ ገደማ እርሳስ አስገቡበት። እርሳሱን ማቅለጥ ደጅ ላይ ነው፤ ልጆችና ከብት ይራቁ፣ ጭሱ ወደ እናንተ አይምጣ፣ እርጥብ እንጨት ውስጥ ደግሞ አታፍስሱ፤ ይፈነዳል። ወይም ከዚህ ሁሉ በጠንካራ ላስቲክ ወደ ታች ያዙት። ላስቲኩ ሲመታ ይለቀዋል፣ ካለፈ በኋላ ይመልሰዋል።

ሳጥኑ ከሰሌዳው በእያንዳንዱ ጎን በ4 ሚሊ ይስፋ። ካጠበባችሁት እንጨቱ ውሃ ጠጥቶ ሲያብጥ ይጣበቃል፤ ጠጠር ሲገባማ ጭራሽ አይነሳም። የሳጥኑ አፍ ጀልባዋ ሰው ሞልቷት ከውሃው ወለል ቢያንስ 15 ሳንቲ ከፍ ይበል። ሰሌዳው የሚንጠለጠልበት ቡሎን 12 ሚሊ የማይዝግ ብረት ይሁን። በሁለቱም በኩል ከከመነዳሪ የተቆረጠ ጎማ፣ ከላዩ ሰፊ ሮንዴላ፣ ከዚያ ዳዶ። ጎማው ትንሽ እስኪያብጥ አጥብቁ፤ ከዚያ በላይ ካጠበቃችሁ ይቀደዳል።

ውሃ ላይ

አቅጣጫ ከቀየራችሁ በኋላ ወዲያው ወደ ነፋሱ አትጠምዝዙ። ኪል የሚይዘው ሲሄድ ነው። ቆማ ያለች ጀልባ ኪሏ ምንም ያህል ጥልቅ ቢሆን በጎኗ ትሄዳለች። መጀመሪያ ትንሽ ከነፋሱ ራቅ ብላችሁ ፍጥነት ስጧት፣ ከዚያ ቀስ እያላችሁ ውጡ። አጭር ሰሌዳ ካላችሁ ይህ ይበልጥ ይሠራል። ጥልቅ ያላት ከነፋሱ በ45 ዲግሪ ከሄደች እናንተ 50 ወይም 55 ላይ ሂዱ። መንገዱ ይረዝማል፣ ግን ትደርሳላችሁ።

ነፋስ ከኋላ ሲመጣ ሰሌዳውን አንሱት፤ ግን ሙሉ በሙሉ አይደለም። ሲሶው ይቅር። ሁሉንም ካነሳችሁት ጀልባዋ ግራ ቀኝ ትወዛወዛለች፣ መሪውም አይታዘዝም።

መሪው እጃችሁን ከከበደና ጀልባዋ በግድ ወደ ነፋሱ ልዙር ካለች፣ የሚታጠፈውን ሰሌዳ ትንሽ ወደ ኋላ አጠፍ አድርጉት። የመያዣው ቦታ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ መሪው ይቀልላል። ይህን ቋሚ ኪል አያደርግላችሁም።

ክብደት የሌለው ሰሌዳ ያላት ጀልባ ትገለበጣለች፤ ይህን አውቃችሁ ግቡ። ከተራሮቹ የሚወርደው ነፋስ ድንገት ይመታል። የመንሳፈፊያ ጃኬት ያላደረገ ሰው ጀልባዬ ላይ አይወጣም፤ ዋናተኛም ቢሆን። ስትገለበጥ ሰሌዳው ላይ ቆማችሁ ጠርዙን ይዛችሁ ወደ ኋላ ታጋድላላችሁ፤ በዚያ ኃይል ትመለሳለች። ጥልቅ ሰሌዳ እዚህም ይረዳል፣ መቆሚያው ረጅም ነውና። ነገር ግን ጀልባዋ ሆዷን ወደ ሰማይ ካደረገች ያልታሰረ ሰሌዳ ወደ ሳጥኑ ተመልሶ ይገባል፤ የምትቆሙበት ነገር አጣችሁ ማለት ነው። ወደ ታች የሚይዘው ገመድ ወይም ላስቲክ ሁልጊዜ ታስሮ ይሁን።

ከአናጺው ስትረከቡ

ጀልባዋን ከመረከባችሁ በፊት ሁለት ድጋፍ ላይ አስቀምጧት። የሳጥኑን አፍ ከስር በላስቲክና በጭቃ ዝጉና በላይኛው አፍ ውሃ ሙሉበት። የውሃውን ከፍታ በእርሳስ አስምሩ። አድሮ ጠዋት እዩት። ጀልባዋ ውስጥ ውሃ ካገኛችሁ ቡሎኑ ነው ወይም የሳጥኑ ስር ነው፤ በጨርቅ አድርቃችሁ የሚያልበውን ቦታ ጠብቁ፣ ይታያል። ውሃው ጎድሎ ውስጡ ደረቅ ከሆነ ጭቃችሁ ነው ያፈሰሰው፤ ደግማችሁ ዝጉ። ከዚያ ሰሌዳውን ደጋግማችሁ አንሱ፣ አውርዱ። አንድ ቦታ ላይ ከያዘ አሁኑኑ ይላግ፤ ውሃ ከጠጣ በኋላ ይብስበታል። ቀሪውን ክፍያ ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ክፈሉ፤ አናጺው እኔ ብሆንም።